የታጠበ ዝምታ

የድምፅ ተመራማሪው ሬሳ ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነው የመቅጃ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ደም የነካው የማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። መርማሪዋ በሩን ስትዘጋው የመንገዱ ጫጫታ እንደ ክር ተበጠሰ። የገዛ ልቧ ሲመታ ሰማች፤ አልወደደችውም።

ሬሳውን አሥር ሰዓት ላይ ያገኘችው ሚስቱ ናት። ካቴና የገባበት ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ በሩ ላይ የታየው ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ስምንት ተኩል ላይ መጣሁ፣ አንኳኳሁ፣ መልስ ሳጣ ተመለስኩ» አለ። «ተኳርፈን ስለነበር ለእርቅ ነው የመጣሁት። እትዬ፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ!»

ሚስትየዋ ፊቷን አዞረች። መሣሪያው ላይ ሟቹ ስምንት ሰዓት የቀዳው ድምፅ ተገኝቷል፤ እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ረዳቱ ቴክኒሻን ደግሞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል እሷው ቤት ቴሌቪዥን ሲጠግን ነበር።

«አንተን ለምንድን ነው ጆሮ የሚሉህ?» አለችው መርማሪዋ ቴክኒሻኑን።

«ጉንዳን ሲያስነጥስ ይሰማል ብለው ጋሼ ያወጡልኝ ነው።»

«በል አሰማን።»

ጆሮ ቁልፉን ተጫነ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም የለም።

«ጋሼ ከመናገራቸው በፊት የክፍሉን ዝምታ ይቀዳሉ» አለ። «ልማዳቸው ነው።»

ከዚያ የሟቹ ድምፅ መጣ፦ «ስምንት ሰዓት ነው። ሙከራውን እንጀምራለን።»

መርማሪዋ የትናንቱን ቅጂ አስከፈተች። እዚህም ዝምታ ነበር፤ ግን ውስጡ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያፏጫል።

«ደረቱ ነው» አለች ሚስትየዋ። «አስም አለበት። ሃያ ዓመት ይህን እየሰማሁ ነው የተኛሁት።» ድንገት ቀና አለች። «የዛሬው ላይ የለም!»

«የለም» አለች መርማሪዋ። «የዛሬው ከድሮ ቅጂዎች ቃል በቃል ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የሰፋው ሰው የሟቹን ልማድ ስለሚያውቅ ዝምታውንም አልረሳም። ግን የባለሙያ እጅ ኮሽታ አይወድም። ኮሽታውን ሲያጥብ የሰውየውን ትንፋሽም አብሮ አጠበው። የመሣሪያውን ሰዓት አስተካክሎ፣ ስምንት ሰዓት ብሎ ጻፈበት። ሰውየው ግን የሞተው ከሰባት በፊት ነው፤ ጆሮ፣ አንተ ወደ ሚስቱ ከመሄድህ በፊት።»

«እኔ ጋሼን ለምን ብዬ?»

ከኪሷ የሟቹን ማስታወሻ አውጥታ አነበበች፦ «ጆሮ ያቀረበው የአድማጮች ሙከራ ውጤት የሐሰት ነው፤ አንድም አድማጭ አልነበረውም። ነገ አሳውቃለሁ።»

ጆሮ ጀርባውን ሰጣቸው። በዚያ ክፍል ግን ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሁሉም ሰማው።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወደ ጆሮ እጅ ተሻገረ። ሚስትየዋ የወንድምየውን የተላጠ የእጅ አንጓ ይዛ አለቀሰች።

«የትናንቱን ድገሙልኝ» አለች በመጨረሻ። «ከመናገሩ በፊት ያለውን ብቻ።»