ሁለተኛው ሰርቨር

ሉሊ የአስረኛ «ቢ»ን ፎልደር ከፈተችው። ባዶ ነው። ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ባዶ።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ማዕዛ።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሁለት ሰርቨር አለው። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ከተከለከለ ወዲህ የተማሪው ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው አንደኛው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞላ ሰንብቷል። የማን ፎልደር ወደ ሁለተኛው እንደሚዛወር በደብተሯ አስልታ፣ የኮምፒውተር መምህሩን ቲቸር ጎይቶምን «ለእኔ ይተዉት» ያለችው የኮምፒውተር ክበቡ ተጠሪ ሉሊ ናት። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሁለተኛውን ስትከፍት የ«ቢ» ፎልደር እዚያም ታያት። ቲቸር ቀድመው ገልብጠውታል ብላ አንደኛው ላይ ውስጡ ያለውን ፋይል ሁሉ ሰረዘች፤ ቦታ እንዲለቅ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ሪሳይክል ቢንም አጸዳች። ለካ ያየችው ቅጂ አልነበረም። አንደኛው ላይ ያለው ያው ፎልደር ነበር በኔትወርኩ በኩል ሁለተኛውም ላይ የሚታየው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሉሊ ግን የምትለቅመው እንኳ ያስተረፈች አልመሰላትም።

«የሠላሳ ስምንት ልጅ ፕሮጀክት ነው፣ ማዕዚ። ዛሬ ነው የሚታረመው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል። ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ አይደል? በቃ፣ መብራቱ ነው ያጠፋው በያቸው። ካዛንቺስ መብራት ያላበላሸው ነገር አለ እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ ሁሉም ያምናል። ሉሊ ለአፍታ ቅልል አላት፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ከላንቻ የሚመጣው በድሉ ትዝ አላት። ቤቱ ኮምፒውተር የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳውን እየተወ እዚሁ ነው በሁለት ጣቱ ሃያ ገጽ የጻፈው።

ቲቸር ጎይቶም አንድ ቀን ያሉትንም አስታወሰች፤ የተሰረዘ ፋይል በላዩ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የመመለስ ዕድል አለው። «ቢ»ዎች መብራቱ ነው ብለው ካመኑ ግን እንደ አዲስ ጽፈው እዚያው ሴቭ ያደርጋሉ። ያኔ የበድሉ ሥራ በቃ፣ አለቀለት።

ደወሉ ጮኸ።

«ሉሊዬ፣ እንዳታብጂ! ክበቡን ይነጥቁሻል። ሰው ፊት ነው የሚያዋርዱሽ» አለች ማዕዛ፣ ክንዷን ጨምድዳ።

ሉሊ ክንዷን አስለቀቀች። ጠረጴዛው ሥር ገብታ የአንደኛውን ሰርቨር የኔትወርክ ገመድ መንጭቃ ነቀለችው።

«ቢ»ዎች እየተጋፉ ገቡ። በድሉ እንደ ልማዱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ኪቦርዱን መነካካት ጀመረ። «ኧረ ፎልደሩ አይከፍትም!» አለ አንዱ ከኋላ። ቲቸር ጎይቶም በሩ ላይ ቆመው ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና አሉ።

«ዛሬም መብራት ነው?»

ማዕዛ ሉሊን አየቻት። ሉሊ ገመዱን እንደያዘች ከጠረጴዛው ሥር ወጣች።

«አይደለም ቲቸር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። ማንም ምንም ሴቭ ሳያደርግ የምነግርዎት ነገር አለ።»

በድሉ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።