የወፍ ቆሎው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ

አቶ ኃይለ ማርያም በባሕር ማዶዋ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ በሚገኘው የልጃቸው ግቢ፣ በገዛ እጃቸው በተከሉት የወፍ ቆሎ የሚባል ባለ አበባ ቁጥቋጦ ላይ ሞተው ተገኙ። ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2009 ኦገስት ነበር። ፖሊስ «የገደላቸው ሙቀት ነው» ብሎ ሄደ። ምራታቸው ሳሮን ግን ልቧ አላረፈምና በሠልስቱ የቤተሰቡን ወዳጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠራች። ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የፖሊስ መርማሪ የነበሩ፣ ዛሬ የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ለቅሶ ቤት መጥቶ ሰው መመርመር ነውር ነውና አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ከሥራ ስመለስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አገኘኋቸው» አለች ሳሮን። «በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፋቸው ውስጥ ነው።»

ተከራዩ ጋሹ ቀጠለ። «እኔ ወደ ክፍሌ ብቻ በሚያስገባው የጓሮ በር ነው የምገባው፣ እትዬ። ስምንት ሰዓት፣ እሳቸውም ይሠሩበት ከነበረው ኤርፖርት ስመጣ ደጅ ያለው ድራይቭዌይ በእንግዳ መኪና ሞልቷል። ሶ፣ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ገብቼ ተኛሁ።»

የሟቹ ልጅ ያብስራ ዓይኑን ሰበረ። «ማንም አልነበረም፤ ማለቴ፣ ተኝቼ ነበር። አባባ አበባውን ሊያጠጣ ወጥቶ በሩ በራሱ ተዘግቶበት ይሆናል።»

ጥሩወርቅ ወደ ደጅ ወጡ። የውኃው ቱቦ እንደተጠቀለለ አቧራ ለብሷል። ድርቅ የማይበግረው አጭር ቁጥቋጦ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ሐምራዊ አበባውን ዘርግቷል። በመስኮቱ ሥር፣ የግድግዳው ጥላ በሚያርፍበት ብቻ ቅርንጫፉ ደቋል።

ተመልሰው ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጧቸው።

«ሟች ስለዚህ አበባ ‹ሥር ከያዘ በኋላ ውኃ ያበዛበት ገዳዩ ነው› ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። ሊያጠጡ አልወጡም፤ ቱቦውም አልተነካም። ቅጠል ሲረገጥ የሚቆጡ ሰው አበባው ላይ የተቀመጡት ሌላ ጥላ ስላጡ ነው። መቀርቀሪያው ደግሞ ከውስጥ በእጅ ካልዞረ አይቆልፍም። ሳሮን ሥራ ላይ ነበረች፣ ጋሹ በዚህ በር አይገባም። እንግዶቹ እነማን ነበሩ፣ ያብስራ?»

ያብስራ ላብ አጠመቀው። «የቢሮ አለቆቼ። አባባ አፈር በአፈር ሆኖ እንዳይገባ ቆለፍኩት። ለግማሽ ሰዓት ብዬ ነበር፣ ከዚያ ረሳሁት። በመስኮት አይተው ማነው ሲሉኝ፣ በእንግሊዝኛ አትክልተኛው ነው አልኳቸው።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ግን ቢያንኳኳ እከፍትለት ነበር!»

«መስኮቱ ክፍት ነበር?»

«የጥብሱ ጭስ እንዲወጣ ገርበብ አድርጌው ነበር።»

ጥሩወርቅ እውነቱን በማግኘታቸው አፈሩ፤ የሟቹን ገመና የገለጡ መሰላቸው። ቢሆንም ተናገሩት።

«ኤርፖርት ስድስት ዓመት የሠሩ ሰው ይህችን እንግሊዝኛ አያጧትም። ሰምተውሃል፣ ልጄ። ቢያንኳኩ በአለቆችህ ፊት ውሸትህ ሊወጣ ነው። እንዳያሳፍሩህ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

ሳሮን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለቀስተኞች መግባት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ያብስራን አቅፈው «እንዳንተ ያለ ጧሪ ያገኘ አባት የታደለ ነው። እግዜር ያጽናህ» አሉት።

ያብስራ አሜን ማለት አቃተው።