ዘበኛው ገና ይናከሳል

«እጅሽን ታጥበሽ ነበር?»

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ነው የጠየቃት። ሙጫ በአንድ እጇ መረቡን ይዛ፣ በሌላው የአኳሪየሙን የመስታወት ሣጥን ክዳን ደግፋ፣ አሸዋው ላይ በጎኑ የተጋደመውን ቢጫ ዓሣ ለማውጣት እየሞከረች ነበር። ትናንት ምግቡን ከጣቷ ላይ ነጥቆ የበላ ዓሣ ነው። አሁን አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል።

«ታጥቤያለሁ» አለች ሳትዞር።

«በሳሙና?»

«በውሃ ብቻ። ሳሙና እንደማይወዱ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ያ የእጅ ቅባትሽስ?»

ሙጫ መረቡን አወጣችና እርጥብ እጇን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «አሽትተዋ!»

አላሸተተም። ሲናደድ እንደሚያደርገው ጎንበስ አለና፣ ከአኳሪየሙ ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ራሱ ያስገባውን የነሐስ ቫልቭ፣ የውሃውን መክፈቻና መዝጊያ፣ በእጅጌው ወለወለው። ቫልቩ እንደ ወርቅ ያበራል። ቤቱ ውስጥ አባቷ በየቀኑ የሚወለውለው ዕቃ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«ስሚኝ» አለ ቀና ብሎ። «ሌላ ዓሣ ከሞተ ውሃውን ደፍቼ ሣጥኑን ወደ ሱቄ አወርደዋለሁ። የቧንቧ መገጣጠሚያ አስቀምጥበታለሁ። በየጊዜው ሬሳ መልቀም ሰልችቶኛል።»

«የምለቅመው እኔ ነኝ» አለች ሙጫ። «የገደልኳቸው ደግሞ እኔ አይደለሁም።»

«ሙጫ» ብሎ የሰየማት አባቷ ነው። ገና በድክድክ ሳለች፣ አንድ ነገር ከያዘች የሚያስለቅቃት አልነበረም። ያን ጊዜ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየሳቀ ያወራላት ነበር። አሁን ግን የማትለቀው ነገር ክርክር ሆነና ሳቁ ቀረ።

አኳሪየሙን የሠሩት አብረው ነው። እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ውሃው ወደ ታች ወደ ማጣሪያው የሚወርድበትንና ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ የሚገፋበትን መስመር ዘረጋ፤ እሷ ጨውና ውሃውን ለክታ ቀላቀለች። ለወራት ሁሉም ነገር አሪፍ ነበር። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ እየወደቁ ቀሩ። ቀጥሎ ባለ ብዙ እግሩ ሽሪምፕ። ቀጥሎ ዓሦቹ በየተራ። አሁን የቀረው አንድ ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀበቶ ያለው ዓሣ ነው። እጁን ወደ ውሃው ያስገባን ሰው ሁሉ ስለሚነክስ ዘበኛው ይሉታል።

አባቷ ያቀረበባትን ክስ ሁሉ ሞክራዋለች። ምግብ ቀነሰች፤ ዓሦቹ ሞቱ። ቅባቱን ጣለችው፤ ዓሦቹ ሞቱ። ጨውና ሙቀቱን ደጋግማ ለካች፤ ልክ ነበር። የገረማት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ በቀየረች ቁጥር ዓሦቹ ነፍስ ይዘራሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው ግን መልሰው ማለክለክ ይጀምራሉ። አዲሱ ውሃ የሚያድናቸው ከሆነ፣ መርዙ የሚመጣው ከዚያው ከሣጥኑ ነው ማለት ነው። ይህን ያሰበችው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር፤ መምህሩ ሲጠይቃት «ከውስጥ ነው!» ብላ መልሳ ክፍሉን ሁሉ አሳቀች።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቤት ደርሳ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ ዓሣ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሄደች። አንዱ ከአኳሪየሙ የተቀዳ ነው፤ ሌላው አዲስ የተቀላቀለ።

«መጀመሪያ የሞተው ማነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ቀንድ አውጣዎቹ። ከዚያ ሽሪምፑ። ዓሦቹ መጨረሻ ላይ ነው የጀመሩት።»

ሴትዮዋ ከመደርደሪያው ላይ የውሃ መመርመሪያ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ አነሳች። ከሁለቱም ውሃ ቀድታ ጠብታ ጨመረችባቸው። አዲሱ እንዳለ ቀረ። የአኳሪየሙ ቀለሙን ቀየረ።

«መዳብ ነው» አለች። «እነ ቀንድ አውጣ ትንሿንም አይችሏትም፣ ዓሦቹ ትንሽ ይታገሣሉ። ይህን ውሃ የሚነካ ብረት አላችሁ እንዴ?»

«የለንም፣ እትዬ። ሁሉም ነገር ፕላስቲክ...» ብላ ጀመረች። ያ የሚያበራው ቫልቭ ዓይኗ ላይ መጣ። አባቷ የፕላስቲኩን ቫልቭ «ይሰበራል፣ የሰነፍ ዕቃ ነው» ብሎ አውጥቶ በነሐስ የተካው፣ ቀንድ አውጣዎቹ መውደቅ ከመጀመራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

እራት ላይ ሳትሽኮረመም ነገረችው። ነሐስ ውስጥ መዳብ እንዳለ፣ ጨዋማ ውሃ እንደሚበላው፣ ሴትዮዋም መርምራ እንዳየችው።

የአባቷ ፊት ጠቆረ። «ለስንቱ ቤት ውሃ ያስገባሁ ሰው ነኝ። በነሐስ ያለፈ ውሃ ጠጥቶ የሞተ ሰው አሳዪኝ እስቲ!»

«ሰው ጨው ውሃ ውስጥ አይኖርማ።»

«ያ ቫልቭ እኮ የልጅ ልጆችሽን ያያል!»

«ቫልቩማ ይኖራል። ዓሦቹ ናቸው የማይኖሩት።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ነው ከአባትሽ ጋር የምትሟገቺው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙጫ «እጄን እንጂ ዓይኔን አልታጠብኩም» ብላ ታስቃት ነበር። አሁን ግን ወደ አባቷ ዞረች።

«እናውጣውና እንየው። ለጥቂት ቀን ብቻ» አለች።

«ውሃ የማያነሳ ነገር አታውሪ» አለ አባቷ ተነሥቶ። «ቫልቩን እንዳትነኪ። የመሣሪያ ሣጥኔንም እንዳትነኪ። ጨርሰናል!»

እሱ ጨርሷል፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። እንባዋ የመጣው ከንዴት ነበር፤ ካለቀስኩ የተሸነፍኩ ይመስለዋል ብላ ዋጠችው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ዘበኛው ከውሃው አናት ላይ ተንሳፍፎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ነከረች። ዓሣው መጀመሪያ ያላያት መሰለ። ከዚያ ተንገዳግዶ ዞረ፣ መጣ፣ ነከሳትም። አላመማትም። በደኅናው ቀን ቢሆን ኖሮ እጇን በድንጋጤ ትሰበስብ ነበር።

«ጎበዝ» አለችው። «ቆየኝ።»

የመሣሪያ ሣጥኑን ከሱቁ አወጣች። ለደረጃው ከብዷት በየደረጃው እያሳረፈች ነው ያደረሰችው። አባቷ የጣለውን የፕላስቲክ ቫልቭ ከቁርጥራጭ ካርቶኑ ውስጥ በርብራ አገኘችው። ፓምፑን ከሶኬት ነቀለች፣ ባልዲ ከሥር አስገባች፣ መፍቻውን ነሐሱ ላይ ገጠመችና በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። እምቢ አለ። እሷም እምቢ አለች። ድንገት ጓ ብሎ ሲላቀቅ የቀረው ውሃ ፊቷ ላይ ተረጨ፤ አፏ ጨው ጨው አለ።

ቫልቩን አዙራ ወደ ውስጡ አየች። ውጪው ወርቅ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ቅርፊት አብቅሏል፣ ተቦርቡሯል።

የፕላስቲኩን ስትገጥም መጀመሪያ አንጠባጠበ። ፈታችው። አባቷ ድሮ አጠገቡ አስቀምጦ «ነጩን ቴፕ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሚው፣ አለበለዚያ እየጠበቀ ሲሄድ ይፈታብሻል» ያላት ትዝ አላት። እንደ አዲስ ጠመጠመች። ፓምፑን ሰካች። አላንጠባጠበም።

ከዚያ መሣሪያዎቹን መመለስ ትችል ነበር። ወለሉን ወልውላ ነሐሱን መደበቅም ትችል ነበር። አላደረገችውም። ቫልቩን አባቷ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አረንጓዴው እንዲታይ አዙራ አስቀመጠችው። መፍቻውን ይዛ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ አየ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን አየ፣ እሷን አየ።

«መሣሪያዬን ማን ነካው?»

«እኔ» አለች። «ብትፈልግ ተቆጣኝ። መጀመሪያ ግን ውስጡን እየው።»

ቫልቩን አነሳ። ቅርፊቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው፤ ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ገባ። ከዚያ ተንበርክኮ ጣቱን ከአዲሱ መገጣጠሚያ ሥር አሳለፈና ጣቱን አየው። ደረቅ ነበር።

«ቴፑን በየት በኩል ጠመጠምሽው?»

«በሚጠብቅበት።»

«ማን አሳየሽ?»

«የማታውቀው ሰው አይደለም።»

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ ስትመጣ ቫልቩ ሲገዛም የተበላሸ ነበር እንላታለን» አለ።

«አልልም።»

«ሙጫ።»

«የተበላሸ አልነበረማ። ምርጥ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጎርፍ? ያም ሞተ?»

«አልሞተም» አለች ሙጫ።

«ታዲያ ሲገድላቸው የከረመው ምን ኖሯል?»

አባቷ አቀርቅሮ ጥፍሩን ያያል። ሙጫ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታሳምረው ያደረችው፣ የሚያቃጥል መልስ። ከዚያ ጨርቁን አነሳችና መፍቻውን መወልወል ጀመረች። አልዋሸችለትም፤ አልተናገረችበትምም። ጠበቀችው።

«ዛሬ ሰው አይመልስም እንዴ?» አለች እናቷ።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቫልቩ ነው» አለ። ቀጥሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ነግራኝ ነበር።»

ሙጫ መፍቻውን ሣጥኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጠችና ተነሣች። መዳቡ ገና ውሃው ውስጥ ነው፣ ዘበኛውም ገና ያለከልካል። አንድ ባልዲ አነሳች፤ ሌላ ባልዲ ደግሞ በእግሯ ወደ አባቷ ገፋች።

«ውሃ እንቀይራለን» አለችው። «ያንን አንተ ያዝ።»