መቅደስ የገባው ማነው?

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው፤ አንዲት የሐሰት ቃል ብትገኝበት የደሴታችን ባሕር ጨው ሁሉ ምላሴ ላይ ይፍሰስ!

«አርጊሮ፣ እነዚህን ያዢልኝ፤ ሻማ ላብራ» አለች እናቷ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መንትዮቹን እያስታቀፈቻት። እናትየዋ ከወለደች ወዲህ በአርባ ቀን ውስጥ አርባ ደቂቃ አልተኛችም። ሕፃናቱ ገና ስላልተጠመቁ ስም የላቸውም፤ የሚለያቸው ቆባቸው ነው። ሰማያዊው የወንዱ፣ ሮዙ የሴቷ።

ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። በደሴታችን ልማድ ካህኑ ፓፓ ስታማቲስ ወንዱን አቅፈው መቅደስ ያስገቡታል፤ ሴቷን በሩ ላይ ይባርኩና ይመልሷታል። አርጊሮም ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት እዚያው በር ላይ ቀርታለች። ያን ቀን ስታለቅስ ሦስት መርከቦች ማዕበል የተነሣ መስሏቸው ወደብ ገብተዋል።

ትናንት ካህኑን ሞግታቸው ነበር።

«አባ፣ በጥንት ዘመን እኮ ሴት ዲያቆናት ነበሩ! የሃይማኖት አስተማሪያችን ነግረውናል።»

«በጥንት ዘመን ክርስቲያን ለአንበሳ ይሰጥም ነበር። እሱንም ልመልስልሽ?»

«የአርባ ቀን ልጅ ምን አጠፋች?»

«ልማድ ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ከደወሉ ገመድ የሚረዝመውን ጢማቸውን እያሻሹ።

አሁን አርጊሮ ግራ ቀኝ አየችና ቆቦቹን ቀያየረች። ፓፓ ስታማቲስ ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀውን ሕፃን አቅፈው ገቡ፤ መንበሩን ዞሩ። ጣሪያው አልተደረመሰም። በደሴቲቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት መቅደስ ገባች!

ጸሎቱ ሲያልቅ አርጊሮ አላስቻላትም።

«አባ፣ ተሸወዱ! ያስገቧት ሴቷን ነው። ቆባቸውን ቀይሬዋለሁ!»

እናቷ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ካህኑ አመድ መሰሉ። አያቷ እማማ ማሩሊያ ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እኔ እኮ ጠዋት ቤት ሳለን ቀይሬያቸው ነበር።»

«እማማ፣ እርስዎም?» አለች አርጊሮ።

«ሰባ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜያለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «አንቺ መልሰሽ ቀየርሽው። የገባው ወንዱ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ ፓፓ ስታማቲስ፤ የመቅደሱን መጋረጃ ሊዘጉም ዞሩ።

አርጊሮ እህቷን ከእናቷ እቅፍ ተቀብላ በሩ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ይህቺ ሴት ናት» አለች። «እያወቁ ያስገቧታል?»

መጋረጃውን የያዘው የካህኑ እጅ ባለበት ቀረ፤ መጋረጃው አልተዘጋም።