ተገልብጦ የወለቀው ፌስታል

አይናዲስ ዝንጅብል ገዝታ ከገበያ ስትመለስ አሠሪዋን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን አልጋቸው ላይ ሞተው አገኘቻቸው። ትራሱ አጠገብ ሁለት ፌስታሎች ተጥለዋል። ጠዋት የቃሪያ ፍሬ ስታወጣ እንደ ጓንት እጇ ላይ የነበሩት የራሷ ፌስታሎች ናቸው።

አሮጊቷ ለጭሮ ከተማ ምግብ ቤቶች ከቃሪያና ከዝንጅብል የሚሠራ ዳጣ እያዘጋጁ ይሸጡ ነበር። ቃሪያው ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ «እጅሽ የሰው እጅ ነው፣ እንጨት አይደለም» እያሉ በየማለዳው ፌስታሉን አንጓዋ ላይ በክር የሚያስሩላት ራሳቸው ነበሩ። አሁን ያ ደግነት ወህኒ ሊያስወርዳት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፌስታሎቹን ምድጃ ውስጥ ልትጨምራቸው ቃጣት። ግን ተወቻቸውና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጮኸች።

መጀመሪያ የደረሰው ተከራዩ ሚፍታህ ነው። ቀጥሎ የሟች የወንድም ልጅ፣ ሾፌሩ እንዳሻው መጣ። ከሚኤሶ ገና መግባቱ እንደሆነ ተናገረ። ቀኝ ዓይኑ እስኪያብጥ አለቀሰና ጎረቤት ሁሉ ለአክስቱ ያለውን ፍቅር አደነቀ።

ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ዙህራ ግን ማንንም ሳታደንቅ የሟችን ፊት ረጅም ሰዓት አየች። አፍና አፍንጫቸው ታፍኖ ነበር። ፌስታሎቹን በእስክሪብቶ ገልጣ አየች፣ አሸተተችም። ከዚያ አይናዲስን ለብቻዋ ጠየቀቻት። አይናዲስም ሁሉን ነገረቻት። አሮጊቷ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቤቱን በስሟ ሊያዞሩላት ነበር። ይህን እንዳሻውም ያውቃል።

«እኔን ነው የሚይዙኝ?» አለች አይናዲስ።

«አብሽሪ። ውሃ አሙቂልኝ» አለቻት ዙህራ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። እንዳሻው ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ በሁለት እጁ ጨብጧል። ከመጣ ጀምሮ ጠርሙስ ከእጁ አልተለየም።

«አክስቴን ማን እንደገደላት ፌስታሉ ይናገራል» አለ።

«ተናግሯል» አለች ዙህራ። «በሉ ታጠቡ።»

ሞቅ ያለውን ውሃ መጀመሪያ አይናዲስ እጅ ላይ አፈሰሰች። ምንም አልሆነችም። ሚፍታህም ቢስሚላህ ብሎ ታጠበ። እንዳሻው ግን ውሃው እንደነካው እጁን መንጭቆ አቃሰተ።

«ቃሪያ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይብሳል» አለች ዙህራ። «አይናዲስ ፌስታሉን ስታወልቅ ከአንጓዋ ስባ ነው፤ ስለዚህ ተገልብጦ ወለቀ፣ ቃሪያው ወደ ውስጥ ገባ። ገዳዩ አሻራውን ሊሸሽግ፣ በእሷም ሊያላክክ እንደተገለበጠ አጠለቀው። ለዚህ ነው የሟች ከንፈር ያልቀላው። የቃሪያው ፍሬ አሁንም ፌስታሉ ውስጥ አለ፣ ማቃጠሉም ለገዳዩ እጅ ተረፈ።»

«እያለቀስኩ ነው የዋልኩት!» አለ እንዳሻው።

«ሐዘን ሁለቱንም ዓይን ያቀላል። አንተ ያሸኸው አንዱን ነው፤ ሲያቃጥልህ ተውከው።»

ፖሊሶች እንዳሻውን ይዘውት ሲወጡ እጁን እያራገበ ነበር። ሚፍታህ ጎንበስ ብሎ የተደፋውን ውሃ መጥረግ ጀመረ።

ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ታስሮ የነበረው የአይናዲስ ልቅሶ አሁን መጣ። ዛሬ ጠዋትም ክሩን ያሰሩላት አሮጊቷ ነበሩ። ዓይኖቿን በሁለት እጆቿ አበሰች፤ ምንም አላቃጠላትም።