የሙይ ሳል

የእማማ ሙይ ሳል ከተሰማ ሦስት ቀን አልፏል።

ለፖሊስ መርማሪዋ ቱክ የቀረበው አቤቱታ ይኸው ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላቸው ነው የሚቀሰቅሰኝ» አለች ጎረቤታቸው ኛን። «አሁን ጭጭ! ባላቸው አባባ ኳት ‹እህቷ ጋ ሄዳለች› ይላሉ። የልጅ ልጃቸውን ትንሿን ዲውንም እኔ ጋ ትተዋታል። በጄኔራሉ በዓል መንደሩን ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?»

ቱክ እህትየው ጋ ደወለች። ሙይ እዚያ የሉም።

መጀመሪያ የጠየቀችው አባባ ኳትን በቤቱ ቦታ ሲነታረካቸው የከረመውን የወንድማቸውን ልጅ ሉክን ነው።

«ሳላቸው የጠፋ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ የት ነበርክ?»

«የበዓሉ ጀልባ ልምምድ ላይ። አርባ ሰው አብሮኝ ቀዝፏል። ይልቅ አባባን ጠይቂያቸው፤ በየቀኑ በረዶ እያስጫኑ ነው። በስተርጅና ዓሣ ሊነግዱ ነው እንዴ?»

ቱክ ደብተሯን ዘጋች።

በዓሉ የሚከበርለት፣ ወራሪውን ከወንዙ ላይ ያባረረው ጄኔራል በመንደሩ ቤተ መቅደስ የተቀረጸ ምስል አለው፤ እሱን የማጠብ ተራ ዘንድሮ የአባባ ኳት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ያጠቡበት ቀይ ጨርቅ ተቀዶ ለመንደሩ ይታደላል፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ግን የአጣቢው ነው። የታመመ ልጅ እጅ ላይ ከታሰረ ይፈውሳል የሚባለውም እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው ዲው ደግሞ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባታል።

ሞት የገባበት ቤት ሰው ምስሉን አይነካም። ቱክ የዚሁ መንደር ልጅ ናትና ይህን ታውቃለች። ወደ ቤታቸው ስትሮጥ እንባዋ ቀደማት።

የጓዳውን በር ሰበረችው። ሙይ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው በበረዶ መካከል ተጋድመዋል። ራስጌያቸው ላይ አንድ ሳህን ሩዝ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ተቀምጧል፤ የሙታን ምግብ። ቁስል የለባቸውም።

አባባ ኳት ከቤተ መቅደሱ ሲመለሱ ቀዩ ቁራጭ በእጃቸው ነበር።

«መቼ ሞቱ?»

«ማክሰኞ፣ ሲመሽ።»

«መቼ ታመሙ?»

ቁራጩን በመዳፋቸው ጠቀለሉት።

«አባባ!»

«ጠዋት። ደረቷን ያዛት።»

«ሐኪም ቤቱ እኮ አሥር ደቂቃ ነው!»

«እሷ ናት እምቢ ያለች። ‹አምቡላንስ ከመጣ መንደሩ ይሰማል። ብሞት ተራህን ይነጥቁሃል። እኔ ኖሬያለሁ፤ ዲው ትኑር› አለችኝ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ አላለቀስኩም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ኛን ትሰማለች።»

ሌሎቹ ፖሊሶች ሳይመጡ ወሬው መቅደሱ ደርሷል። የመቅደሱ ሽማግሌ ካን መጥተው የቤቱ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «ምስሉ ረክሷል፤ እንደገና ይታጠባል። ጨርቁን አምጣው፣ ይቃጠል።»

«ማስረጃ ነው፤ አልሰጥም» አለች ቱክ። ጨርቁን ከአባባ ኳት ተቀብላ፣ ከኛን ጋር የመጣችው ዲው ፊት ተንበረከከች። «እጅሽን አምጪ፣ እናቴ።»

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «አይሆንም። እማማ ሙይ ናት የምታስርልኝ። ራሷ ነች ያለችኝ። ጥሯት።»

አባባ ኳት ሦስት ቀን ሙሉ ያፈኑትን ልቅሶ ያኔ ለቀቁት። መንደሩ ሁሉ ሰማ።