እናቷ ተደብቃ የምትበላው

ሚጣ የእናቷን ቦርሳ ከፍታ አፍንጫዋን ዶለችበት። የብስኩት ሽታ የለም። ኪሶቹን ዳበሰች፤ ከሜትርና ከክር ጥቅልል በቀር ምንም አላገኘችም።

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ልትሆኚ ነው እንዴ?» አለ ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ።

«ማሚ ተደብቃ እየበላች ነው። የታዘዘላትን መጠጥ ትደፋዋለች። ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አረፋውን አይቻለሁ፤ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። እሱን ከደፋች የምትበላው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።»

«አቦ ተያት! ጭራሽ ማዘርን መሰለል ጀመርሽ?»

እናታቸው ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ክብደቷ ጉልበቷን ጎድቶ ደረጃ መውጣት ስላቃታት፣ ሐኪሞቹ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ሊያሳንሱላት ተስማምተዋል። ከዚያ በፊት ግን መቀነስ አለባት፤ ጉበቷ ላይ ያለው ስብ ካልቀለለ ቀዶ ጥገናው ያሰጋል። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጠዋትና ማታ በውሃ የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄት፣ ለምሳ ደግሞ አትክልትና ቁራጭ ዶሮ አዝዛላታለች። ሚጣ ፈርታለች። እናቷ በአንድ ኬክ ምክንያት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብትሆንስ?

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ። በማግስቱ «ራሴን አመመኝ» ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በተገረበበው በር ዓይኗን ሳሎኑ ላይ ተከለች።

እናቷ ስትሰፋ አረፈደች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዶሮዋን ጠበሰች፣ ሳህን ላይ አወጣች፣ ትንሽ አየችው። ከዚያ ለልጆቹ እራት በተቀመጠው ድስት ውስጥ ጨምራ ከደነችው። ሚጣ ክው አለች። ሰሞኑን ማታ ማታ የእሷና የወንድሟ ሳህን ለምን ሞልቶ እንደሚቀርብ አሁን ገባት። ለካ የእናቷን ምሳ ስትበላ የከረመችው ሚጣ ራሷ ናት!

እናቷ ወደ ስፌቷ ልትመለስ ስትል ተንገዳገደችና ጠረጴዛውን ያዘች። ሚጣ ሕመሟን ረስታ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች።

«ማሚ! ምንም አትበዪም እንዴ?»

«ውሃ እጠጣለሁ» አለች እናቷ ወንበር ላይ እየተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቋል። «ባለፈው ስመዘን አልቀነስኩም። ካልቀነስሽ የቀዶ ጥገናው ቀን ይራዘማል አሉኝ። ትንሽ መብላት የሚያከሳ ከሆነ፣ ጭራሽ አለመብላትማ…»

«ራስሽን ልትገድዪ ነው?»

«እንደገና እስክመዘን ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ፣ የኔ ልጅ። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም። ለማንም እንዳትናገሪ። በሞቴ!»

ሚጣ ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። እናቷ «በሞቴ ብዪ»፣ «በሞቴ ተኚ» ማለት ልማዷ ነው። የዛሬው ግን የእውነት ሞት መሰላት።

የቀጠሮው ቀን አብራት ሄደች። ባለሙያዋ ሚዛኑን አይታ ፈገግ አለች።

«ጎበዝ ነዎት! መጠጡንም ሳያቋርጡ ይወስዳሉ አይደል?»

«እንዴታ!» አለች እናቷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ዋናው እሱ ነው። ፕሮቲን ካነሰ ሰውነት ጡንቻውን ነው የሚጨርሰው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቁስሉ ቶሎ አይድንም። በሉ፣ ቀኑን እንዲቆርጡልዎት ልደውል።» ስልኩን አነሳች።

የእናቷ ፊት በደስታ በራ። ሚጣ እንዲህ ደስ ብሏት ካየቻት ቆይታለች። እናቷ ተነስታ እጇን ይዛ ሳብ አደረገቻት፤ እንሂድ ማለቷ ነው።

ሚጣ አልተነሳችም። የእናቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«ማሚ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

ባለሙያዋ ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። እናቷ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «እኔው ልንገራቸው» አለች።